የድብርት መድኃኒት ጀምሬ ባሰብኝ፤ ልተወው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 32 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ነው፤ አስተማሪ ነኝ። ለወራት እንቅልፍ አጥቼ፣ ምግብ አስጠልቶኝ፣ ክፍል ገብቼ መናገር ሲያቅተኝ ሆስፒታል ሄድኩ። ድባቴ ነው ብለው ፍሎክሰቲን 20 ሚሊ ግራም ጠዋት ጠዋት እንድወስድ አዘዙልኝ። አሁን ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ያቅለሸልሸኛል፣ ውስጤ ይረበሻል፣ እንቅልፌ ጭራሽ ባሰበት። አክስቴ አዝናልኝ እሷ ከምትወስደው አሚትሪፕቲሊን ሰጠችኝ። ሦስት ማታ ወሰድኩ። ተኛሁ፤ ግን ጠዋት ስነሳ ያዞረኛል፣ አፌም ይደርቃል። እናቴ ደግሞ ‹ይሄ ነገር ሱስ ሆኖ ይቀርብሻል፣ ጣይውና ፀበል እንሂድ› ትላለች። ጾሙም እየደረሰ ነው። ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ትንሽ ጫት እቅማለሁ፤ እሱስ ይከለከላል? ባለፈው ጥቅምት ወባ ታምሜ ነበር፤ እንደገና ቢይዘኝ ሁለቱን መድኃኒት አብሬ መዋጥ እችላለሁ? ወይስ ሁሉንም ልተወው?»

እህቴ፣ መጀመሪያ መልሱን ልስጥሽ፤ ምክንያቱን ቀስ ብለን እናወራለን። ፍሎክሰቲኑን አትተዪው። የአክስትሽን ክኒን ግን ከዛሬ ማታ ጀምሮ አትውሰጂ። ጫቱም ለጊዜው ይቅርብሽ። ጾሙም ፀበሉም አካሄዱን ካወቅሽበት ከመድኃኒቱ ጋር ይሄዳሉ። የወባውን ነገር መጨረሻ ላይ ጣል አድርገሽው አለፍሽ እንጂ ለእኔ ትልቁ ጥያቄ እሱ ነው።

ዶክተር ብለሽኛል፤ እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ማዘዝ የሐኪምሽ ነው። የታዘዘው እንዴት እንደሚወሰድና ከምን ጋር እንደሚጣላ ማየት ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። በመድኃኒት ቤት መስኮት በኩል ብዙ ነገር ይሰማል። የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ችግር ገጥሞት ሲመጣ፣ ረጋ ብለሽ ብትጠይቂው አብዛኛውን ጊዜ ማንም ሳያውቅ የጨመረው ሌላ ነገር አለ። ወይም ማንም ሳያውቅ አቋርጦታል። ያንቺ ደብዳቤ ሁለቱንም ይዞ መጣ። መጨመሩን ጀምረሻል፤ ማቋረጡን ልትጀምሪ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ባሰብኝ ማለትሽ አያስገርምም። ፍሎክሰቲን የሚሠራው ሴሮቶኒን በሚባል ንጥረ ነገር ላይ ነው። ሴሮቶኒን ደግሞ አንጎል ውስጥ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በሰውነታችን ካለው አብዛኛው አንጀት አካባቢ ነው። ስለዚህ ጭንቅላት ገና ምንም ሳይሰማው ሆድ ቀድሞ ይሰማዋል። ማቅለሽለሽ፣ የሆድ መለስለስ፣ ራስ ምታት፣ መቁነጥነጥ፣ እንቅልፍ መዛባት፤ እነዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመጡ ናቸው፣ ብዙ ሰው ላይም እየቀነሱ ይሄዳሉ። ጥቅሙ ግን ቶሎ አይመጣም። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ትንሽ ለውጥ ይጀምራል፤ መድኃኒቱ በደንብ ሠርቷል አልሠራም ለማለት ከ6 እስከ 8 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። ክፉ ዕድል ሆኖ ያስቸገረው ቀድሞ ይመጣል፣ የሚጠቅመው ዘግይቶ ይደርሳል። መሀል ላይ ተስፋ ቆርጦ የሚጥለው ሰው ብዛት አይገርምም፤ ብዙ ጊዜ ይህን ቀድሞ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው።

እስከዚያው የምታደርጊው ነገር አለ። ክኒኑን በባዶ ሆድ ሳይሆን ከቁርስ ጋር ውሰጂው፤ የማቅለሽለሹ ነገር ይቀልልሻል። ሰዓቱን ወደ ጠዋት 1 ሰዓት አካባቢ አድርጊው። ነቃ የሚያደርግ መድኃኒት ስለሆነ አመሻሽ ላይ የሚወስደው ሰው ሌሊቱን ጣራ ሲቆጥር ያድራል። ቡናውንም እይው። አስተማሪዎች እረፍት ሰዓት ላይ ስንት እንደምትጠጡ አውቃለሁ። ውስጥሽ የሚረበሸው በመድኃኒቱ ብቻ ላይሆን ይችላል። ለጊዜው አቦሉን ጠጥተሽ ቶናውንና በረካውን ለሌሎች ተዪላቸው፤ ከ8 ሰዓት በኋላ ደግሞ ጭራሽ አትጠጪ። መረበሹ አላስቀምጥ ካለሽ ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ ተመለሺ፤ ሐኪሙ መጠኑን ሊያስተካክል ይችላል፣ ለእንቅልፉም ለአጭር ጊዜ የሚሆን ነገር ሊፈልግልሽ ይችላል።

አሁን ወደ አክስትሽ ክኒን። አክስትሽ ክፉ አላሰበችም። አሚትሪፕቲሊን እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ጥሩ መድኃኒት ነው። እሱም ፍሎክሰቲንም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። ለድባቴ ይሰጣል፤ በአነስተኛ መጠን ደግሞ ለማይግሬን፣ ለነርቭ ሕመም፣ ስኳር ላለበት ሰው እግር ማቃጠል ይሰጣል። አክስትሽ ለየትኛው እንደምትወስደው እንኳን አልነገርሽኝም፤ ምናልባት አንቺም አልጠየቅሻትም። እንቅልፍ ያመጣል፣ እውነት ነው። ጣጣው ከፍሎክሰቲን ጋር ሲገናኝ ነው።

ጉበታችን ውስጥ ብዙ መድኃኒቶች ተሰባብረው የሚወጡበት አንድ በር አለ እንበል። አሚትሪፕቲሊን በዚያ በር ነው የሚወጣው። ፍሎክሰቲን ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ መንገድ የሚዘጋ ዓይነት ነው። ስለዚህ አክስትሽ ስትውጠው 25 ሚሊ ግራም የሆነው ክኒን አንቺ ስትውጪው ደምሽ ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። በየማታው ደግሞ ይደራረባል። ጠዋት ስትነሺ ማዞሩ፣ የአፍሽ መድረቅ የእሱ ምልክቶች ናቸው። ስትነሺ የደም ግፊትሽ ስለሚወርድ ነው የሚያዞርሽ። ይህ ቀላሉ ነው። መጠኑ ሲበዛ ሽንት ይይዛል፣ ግራ ያጋባል፣ ከሁሉም በላይ የልብን ምት ያዛባል። አሚትሪፕቲሊን ከመጠን በላይ ሲወሰድ ልብ ላይ ከሚበረቱ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ማንም በማይደርስበት ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ። ሦስት ማታ ብቻ ስለወሰድሽው ቀስ በቀስ መቀነስ አያስፈልግሽም፤ ዛሬውኑ ማቆም ትችያለሽ። ማዞሩ ጥቂት ቀን ሊቆይ ስለሚችል ከአልጋ ስትነሺ ቁጭ ብለሽ ትንሽ ቆይተሽ ተነሺ።

አንዳንድ ጊዜ ሐኪም ራሱ ሁለቱን አብሮ ያዛል። ያዛል፤ ግን መጠኑን ዝቅ አድርጎ፣ ልብሽን አይቶ፣ ቀጠሮ ሰጥቶ ነው። ከአክስት ቦርሳ የሚወጣ ክኒን ይህ ሁሉ የለውም። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ፍሎክሰቲን ብታቆሚውም ከሰውነት ተጠርጎ ለመውጣት እስከ 5 ሳምንት ይፈጅበታል። «ትናንት አቁሜዋለሁ፣ ዛሬ ሌላውን ልጀምር» አይሠራም። በሩ ላይ ገና ቆሟል።

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ፣ አሚትሪፕቲሊን በሐኪም የታዘዘላቸው ሰዎች ይኖራሉ። ለእናንተ ትክክለኛ መድኃኒታችሁ ነው፤ ማታ ማታ ውሰዱት። ባጃጅ የምትነዱ፣ ሌሊት ተነስታችሁ ጣና ላይ ታንኳ የምትቀዝፉ ካላችሁ ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተጠንቀቁ። የማታው ክኒን ጠዋትም አይን ይከድናል።

ወደ ወባው ልምጣ። ጣና ዙሪያ የሚኖር ሰው ይህን ጥያቄ ካልጠየቀ ማን ይጠይቀዋል? ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ትኩሳት የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ ጣቱን ይወጋል፣ ኮአርተም ይዞ ይመለሳል። «ሌላ የምትወስዱት መድኃኒት አለ?» ተብሎ የሚጠየቀው ስንቱ ነው? ተጠይቆስ «የድብርት መድኃኒት እወስዳለሁ» ብሎ ወረፋ በሚጠብቅ ሰው ፊት የሚናገረው ስንቱ ነው?

ነገሩ ይሄ ነው። ኮአርተም ውስጥ ሁለት መድኃኒቶች አሉ፤ አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን። ሉሜፋንትሪን ያንን ቅድም ያልነውን በር ያጠባል። ስለዚህ አሚትሪፕቲሊን ለሚወስድ ሰው የአምራቹ መመሪያ ራሱ አብሮ እንዳይሰጥ ያስጠነቅቃል። በዚያ ላይ ሉሜፋንትሪንም፣ ለሌላው የወባ ዓይነት የሚሰጠው ክሎሮኪንም የልብን የኤሌክትሪክ ምት የማዘግየት ጠባይ አላቸው። አሚትሪፕቲሊንም እንዲሁ፣ ፍሎክሰቲንም በመጠኑ። አንቺ ደግሞ በዚህ ሰሞን እንዳደረግሽው ሁለቱንም የድብርት መድኃኒት ይዘሽ ወባ ቢይዝሽ ሦስቱ ተገናኙ ማለት ነው።

ይህን አንብበሽ የወባ መድኃኒት እንዳትፈሪ። አደራ። ያልታከመ ወባ በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ትኩሳት ከያዘሽ ያው እንደ ሁልጊዜው ወዲያው ተመርመሪ። ልዩነቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ፍሎክሰቲን 20 በየቀኑ እወስዳለሁ» በዪ። ቀድሞ የልብ ሕመም ካለብሽ፣ ራስሽን ስተሽ የምታውቂ ከሆነ፣ ቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ እሱንም ጨምሪ። ባለሙያው የተሻለ አማራጭ መኖሩን ያያል፣ ካስፈለገም የልብ ምርመራ ያዝዛል። ሕክምናው ላይ ሳለሽ ልብሽ ያለ ሥርዓት ቢመታ ወይም ራስሽን ልትስቺ ቢመስልሽ ቤት አትቀመጪ።

ሰው ፊት መናገር ካሳፈረሽ ደግሞ መላ አለ። መድኃኒቱን የሰጡሽን ትንሽ የወረቀት ፖስታ አስቢው። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ጠዋት 1» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ስሙ ግን ብዙ ጊዜ ወይ አልተጻፈም ወይ አይነበብም። ውስጡ ያለው ስትሪፕ ጀርባ ላይ ግን ስሙና መጠኑ ታትሞበታል። ክኒኑን ስታወጪ ስሙ ካለበት በኩል አትቅደጂው፤ ወይም በስልክሽ ፎቶ አንሺው። የትም ስትታከሚ ፎቶውን ማሳየት ነው። አንድም ቃል መናገር አያስፈልግሽም።

ጫቱ። «ትንሽ» ያልሽው ትንሽ መሆኑን አምኛለሁ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ሥራው ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል። ልብ ያስሮጣል፣ ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ያባርራል። አንቺ ደግሞ እንቅልፍ አጥተሽ፣ ውስጥሽ እየተረበሸ ነው የጻፍሽልኝ። ምርቃናው ሲያልቅ የሚመጣውን ጭፍግግ ስሜት ድባቴ የሌለበት ሰው እንኳ ያውቀዋል። እሑድ ጠዋት ያንቺን ሕመም ከጫቱ ድብርት ለይቶ «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» የሚል ሐኪም የለም፤ አንቺም አትለዪውም። ከዚያ በላይ የምፈራው ጨብሲውን ነው። ምርቃና ለመስበር ብሎ አረቄ ወይም ቢራ መጠጣት በራሱ ክፉ ነው፤ አሚትሪፕቲሊን ከተጨመረበት ደግሞ ሰውየው ተኝቶ ላይነቃ ይችላል። ፍሎክሰቲን ብቻ የሚወስድ ሰው በዓል ላይ አንድ ብርጭቆ ጠላ ቢጠጣ አይሞትም። ልማድ ካደረገው ግን በአንድ እጁ የሚያድነውን በሌላው ያፈርሳል። ለሐኪምሽ ጫት መቃምሽን ንገሪው። አይቆጣም፤ ቢቆጣም ንገሪው።

የሕመም ማስታገሻ ነገር ብዙ ሰው አያስበውም። ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ስለምታስተምሪ ወገብ ማመሙ አይቀርም። ፓራሲታሞል መውሰድ ትችያለሽ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከፍሎክሰቲን ጋር ሲሆኑ ጨጓራ የማድማት ዕድላቸው ይጨምራል፤ በተለይ ጨጓራ ላለበት ሰው። ትራማዶልን ግን አትንኪው። ከፍሎክሰቲን ጋር ተደምሮ ሴሮቶኒንን ከመጠን በላይ ያንራል፤ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ላብ በላብ ይሆናል፣ ይተኩሳል፣ ጡንቻ ይገትራል፣ አእምሮ ይቃዣል። የሚጥል በሽታ የሌለበትን ሰውም ሊያንፈራግጥ ይችላል። ዴክስትሮሜቶርፋን ያለባቸው የሳል ሽሮፖችም ከዚሁ ወገን ናቸውና ሽሮፕ ስትገዢ ፍሎክሰቲን እንደምትወስጂ ለፋርማሲው ንገሪ።

እናትሽ «ሱስ» ያሉትን ብዙ እናቶች ይሉታል። ሱስ የሚያስይዝ ነገር ያስናፍቃል፣ መጠኑን ጨምር ጨምር ያሰኛል። ፍሎክሰቲን ይህን አያደርግም። ፍሎክሰቲን ናፍቆት የሚቅበዘበዝ ሰው አይቼ አላውቅም። ነገር ግን አንጎል መድኃኒቱን ስለሚለምደው ብዙ ጊዜ የወሰዱትን በአንድ ቀን ቢያቆሙት ያስቸግራል። ማዞር፣ ቁጣ፣ ቅዠት፣ አንዳንዱ ላይ ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ ቢጤ ነዝሮ ያልፋል። ሰርትራሊን በሚባለው ሌላ የድብርት መድኃኒትና በአሚትሪፕቲሊን ላይ ይህ ይበረታል፤ ፍሎክሰቲን ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ቀለል ይላል። ቀለል ማለቱ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ሰው አቁሞት አንድ ሳምንት ደህና ይሆናል፣ ሁለት ሳምንት ደህና ይሆናል፣ «ይኸው ዳንኩ» ይላል። ሕመሙ ግን ከወር ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ ከመድኃኒቱ መቆም ጋር የሚያገናኘው ሰው የለም።

ስለዚህ ደህና ስትሆኚም ቀጥዪ። ከዳንሽ በኋላ ቢያንስ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ይወሰዳል፤ ሕመሙ ተመላልሶ የመጣበት ሰው ከዚያም በላይ። የሚቆምበት ቀን ሲደርስ ከሐኪም ጋር ተመካክሮ በሳምንታት ውስጥ እየቀነሱ ነው። አንድ ቀን ከረሳሽ ስታስታውሺ ውሰጂው፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ የረሳሽውን ዝለዪው። ሁለት አድርገሽ አትዋጪ።

ፀበል ሂጂ። እናትሽን አትቃወሚያቸው፤ አብረሻቸው ሂጂ፣ ክኒኑን ግን በቦርሳሽ ይዘሽ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከፀበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በአደባባይ ተናግረው ነበር። ለኤች አይ ቪ የተባለው ለድባቴ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። እናትሽ ከእኔ ይልቅ የንስሐ አባታችሁን ስለሚሰሙ እሳቸውን አማክሩ። ሁለት ተግባራዊ ነገሮች ብቻ ልብ በዪ። በባዶ ሆድ ብዙ ሊትር ጠጥቶ ማስመለስ ያለበት ቦታ ከሆነ ክኒኑን ከዚያ በፊት አትውሰጂው፤ ተመልሶ ይወጣል። ፍሎክሰቲን አንዳንድ ሰው ላይ የደምን ሶዲየም ዝቅ ያደርጋል፤ በአንድ ጊዜ ከልክ ያለፈ ውኃ መጠጣት ደግሞ ያባብሰዋል። በመጠኑ ጠጪ። ጠበል እየተጠመቀ ከፍተኛ ራስ ምታት ወይም መደነጋገር የጀመረው ሰው ካለ፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ፣ ሐኪም ቤት መወሰድ አለባቸው።

ጾሙ ቀላል ነው። ፍሎክሰቲን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይሠራል፤ ምግብ የሚያስፈልገው ለማቅለሽለሽሽ ብቻ ነው። ሁዳዴን እስከ 6 ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ 6 ሰዓት ላይ፣ እስከ 9 ከሆነም በመጀመሪያው ምግብሽ ውሰጂው። በሰውነት ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ የሰዓቱ መሸጋሸግ አይጎዳሽም፤ የመረጥሽውን ሰዓት ግን አትቀያይሪ። 9 ሰዓት ላይ መውሰድ እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ ወደ ጠዋት መልሺው፤ ለመድኃኒት በጉንጭ ውኃ መጠጣትን የንስሐ አባትሽ የሚከለክሉሽ አይመስለኝም። ምግብ አስጠልቶሽ ከርመሻል፤ ዘንድሮ ጾሙን ስለማቅለል ጠይቂያቸው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን የባሕር ዳር ክርክር ግን እኔ አልገባበትም። ረመዳን የሚጾሙ አንባቢዎችም ካፈጠሩ በኋላ ወይም በስሑር ሊወስዱት ይችላሉ፤ እንቅልፍ ለሚነሳው ሰው ስሑር ይሻላል።

ከዚህ በታች ያሉት ግን ቀጠሮ የሚጠብቁ አይደሉም። መድኃኒቱ ሲጀመር አንዳንድ ሰው ላይ ጉልበቱ ከስሜቱ ቀድሞ ይመለሳል። ሐዘኑ ሳይለቀው የመንቀሳቀስ አቅም ያገኛል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ በዚህ ጊዜ ሊበረታ ይችላል፤ ከ25 ዓመት በታች ላሉ ወጣቶች ማስጠንቀቂያው የበለጠ ነው። አንቺ ከዚያ ዕድሜ አልፈሻል፤ ቢሆንም በግልጽ እጠይቅሻለሁ። «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል? ከመጣ ዛሬውኑ ለአንድ ለምታምኚው ሰው ንገሪ፣ ብቻሽን አትደሪ፣ ቤት ያለውን ክኒን ሁሉ ለዚያ ሰው አስረክቢ፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ሌሊትም ቢሆን። ሌላው ምልክት ተቃራኒው ነው። በድንገት እንቅልፍ ሳያስፈልግሽ ብርትት ካልሽ፣ ወሬ ከፈጠነብሽ፣ ገንዘብ መበተን ከጀመርሽ፣ ቤተሰብሽ «ምን ነካት» ካሉ፣ ሕመሙ ድባቴ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን መለወጥ አለበት። የሰውነት ሽፍታ፣ የፊት እብጠት፣ ትንፋሽ ማጠርም ወዲያው የሚታይ ነው።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ሰው ስለማይጠይቀው። ፍሎክሰቲን የወሲብ ፍላጎትን ሊቀንስ፣ እርካታን ሊያዘገይ ይችላል። ወንዶች መድኃኒቱን በዝምታ ከሚጥሉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው። መፍትሔ አለው፤ መጠን ይስተካከላል፣ ወይም ሌላ መድኃኒት ይቀየራል። ለማርገዝ ካሰብሽ ወይም አርግዘሽ ካወቅሽ ደንግጠሽ አታቁሚው፤ በዚያው ሳምንት ሐኪምሽን አግኚው። ለምታጠባ እናት ሰርትራሊን ወደ ወተት የሚገባው አነስተኛ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይመረጣል።

የሚቀረው አቅርቦቱ ነው። ስትሪፑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሂጂ፤ የመጨረሻዋን ክኒን ውጠሽ አይደለም። የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ላይ ካለቀ በማዘዣው ውጭ ግዢ። ማሸጊያው ወይም የእንክብሉ ቀለም ቢለይ አትደንግጪ፤ አምራቹ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስሙ ፍሎክሰቲን፣ መጠኑ 20 መሆኑን አይተሽ፣ የማብቂያ ቀኑን አንብበሽ ተቀበይ። «ይሄ የለም፣ ግን ይሄኛውም የድብርት ነው» ካሉሽ አትውሰጂ፤ ወደ ሐኪሙ ተመለሺ። የሚያዝያ ሙቀት ላይ መስኮት ዳር ወይም ቆርቆሮ ሥር አታስቀምጪው፤ ከ30 ዲግሪ በታች የሆነ ደረቅ ቦታ፣ ቁምሳጥን ውስጥ ይበቃዋል።